ትንሹን ጉርድ ፎቶ የሚያጎላ ባዶ ቀለበት

(በናይሮቢ በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ ዝግጅት ላይ ለአባላትና ለቤተሰቦቻቸው የቀረበ ንግግር)



 አዘጋጅ ኮሚቴው ስለ ፎቶግራፍ ጥቂት እንድናገር ሲጠይቀኝ «እኔ ባለሱቅ ነኝ፣ ትምህርቴም ከ12ኛ ክፍል አላለፈም፣ ለሰው ምን እናገራለሁ?» ብዬ ነበር። ሆኖም አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት ከሽሮውና ከበርበሬው ጎን ባለችው ጠባብ ጥግ ጉርድ ፎቶ ሳነሳና አሮጌ ፎቶ ስገለብጥ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ስለዚህ እንደ ምሁር ሳይሆን እንደ ሥራው ሰው የማውቀውን አካፍላችኋለሁ። ዕቃው ትንሽ ነው፤ ኤክስቴንሽን ቲዩብ ይባላል። እኔ በሱቄ «የሌንስ ማራዘሚያ ቀለበት» እለዋለሁ።

ጉዳዩ ለምን አሁን መጣ? ለዚህ ኢዮቤልዩ የመሥራቾቻችንንና የቀደሙ አባላትን ፎቶ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ለመስቀል ተወስኖ ነበር። ፎቶዎቹ ሲሰበሰቡ ግን አብዛኞቹ 3 በ4 የሆኑ ጉርድ ፎቶዎች ሆነው ተገኙ። ከመታወቂያ ላይ፣ ከትምህርት ቤት ካርድ ላይ፣ ከቀድሞው የዋልዳና የካኩማ መጠለያ ጣቢያ ወረቀት ላይ የመጡ ናቸው። አገር ለቆ የወጣ ሰው ትልቅ አልበም ይዞ አልወጣም፤ በኪሱ የገባችውን ይዞ ነው የወጣው። ለብዙ ቤተሰብ የአባት መልክ ማለት ያቺ ጥፍር የምታክል ወረቀት ናት። እሷም በየዓመቱ እየደበዘዘች ነው። ስለዚህ «ይህን ትንሽ ነገር ሳናበላሸው እንዴት እናጉላው?» የሚለው የሁላችንም ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው ልግባ። ቀለበቱ በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ ባዶ ቧንቧ ነው። ውስጡ መስታወት የለም፣ አየር ብቻ ነው። ሰዎች ሲያዩት «ታዲያ ምን ይሠራል?» ይላሉ። ሥራው ሌንሱን ከካሜራው ማራቅ ነው። ሌንስ አንድን ነገር ሲያይ ምስሉን ከኋላው ይጥላል። የሚያየው ነገር በቀረበ ቁጥር ምስሉ የሚጠራበት ቦታ ከሌንሱ ጀርባ እየራቀ ይሄዳል። ካሜራው ግን የተወሰነ ቦታ ላይ ነው የቆመው፤ ስለዚህ ከተወሰነ ርቀት በላይ ስትጠጉ ምስሉ ይደበዝዛል። ቀለበቱ ያንን የጎደለ ቦታ ይሰጣል። በቃ፣ ምስጢሩ ይኸው ነው። መስታወት ስለሌለው የሌንሱን ጥራት የሚያበላሽበት የራሱ ነገር የለውም፤ የሚቧጨርና የሚሻግትም የለውም። ዋጋውም ለዚሁ ሥራ ተብሎ ከሚሠራው የማክሮ ሌንስ ዋጋ በጣም ያነሰ ነው።

ነጋዴ ሂሳብ ይወዳልና ሂሳቡን ልንገራችሁ። የቀለበቱን ርዝመት በሌንሱ ቁጥር ላይ አካፍሉት። ሌንሱ 50 ሚሊሜትር፣ ቀለበቱ 25 ሚሊሜትር ቢሆን ውጤቱ ግማሽ ነው። ግማሽ ማለት ካሜራው ውስጥ ያለው ሴንሰር ላይ የሚያርፈው ምስል የዕቃውን ትክክለኛ መጠን ግማሽ ያህላል ማለት ነው። በብዙ ሰው እጅ ያለው መካከለኛ የካኖን ካሜራ ሴንሰሩ 22 በ15 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በግማሽ ሲያነሳ 44 በ30 ሚሊሜትር የሆነ ቦታ ያያል። ጉርድ ፎቷችን ደግሞ 40 በ30 ነው። አያችሁ፣ ልክ እንደተለካለት ልብስ ነው! ሙሉው 36 በ24 ሚሊሜትር የሆነ ትልቁ ሴንሰር ያለው ካሜራ ከሆነ ግን ረዘም ያለ፣ ወደ 36 ሚሊሜትር የሚጠጋ ቀለበት ያስፈልገዋል።

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ሦስት ቀለበት በአንድ ላይ ያለው ነው። ኬንኮ የሚባለው ለምሳሌ 12፣ 20 እና 36 ሚሊሜትር ነው። ሦስቱ ሲደረደሩ 68 ሚሊሜትር ይሆናሉ፤ በ50 ሌንስ ላይ ከትክክለኛው መጠን አንድ ሦስተኛ ያህል በልጦ ያጎላል ማለት ነው። አሁን ለሚሸጡት መስታወት አልባ ለሚባሉት ካሜራዎች ደግሞ የ10 እና የ16 ሚሊሜትር ጥንድ አለ። ስትገዙ ግን ቀለበቱ የካሜራችሁን ዓይነት መያዣ መምሰሉን አረጋግጡ። የኒኮኑ ለካኖን፣ የካኖኑ ለሶኒ አይገባም።

ሌላም ማወቅ ያለባችሁ አለ። ርካሾቹ ቀለበቶች የኤሌክትሪክ መገናኛ ነጥብ የላቸውም። ያን ጊዜ ካሜራው ከሌንሱ ጋር አይነጋገርም፤ ፎከሱን በእጃችሁ ታስተካክላላችሁ፣ የሌንሱንም የብርሃን ቀዳዳ ከካሜራው ማዘዝ አይቻልም። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው በራሱ ላይ የቀዳዳ ቀለበት ያለውን የድሮ ሌንስ መጠቀም ነው፤ እንዲያውም ከአባት ካሜራ የተረፈ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ካለ አትጣሉት። ሁለተኛው ለቀድሞዎቹ የካኖን ዲጂታል ካሜራዎች ነው። ሌንሱን መጀመሪያ በቀጥታ ካሜራው ላይ ግጠሙ፣ ቀዳዳውን ቁጥር 8 ላይ አድርጉ፣ ከሌንሱ ሥር ያለችውን የጥልቀት መመልከቻ ቁልፍ ተጭናችሁ እንደያዛችሁ ሌንሱን ፍቱት። ቀዳዳው እንደጠበበ ይቀራል። ከዚያ ቀለበቱ ላይ ትገጥሙታላችሁ።

«ነጻ ምሳ የለም» እንደሚባለው ቀለበቱም የሚያስከፍለው አለ። አንደኛ፣ ሩቅ ማየት ይቀራል። ባለ 25 ሚሊሜትሩን በ50 ሌንስ ላይ አድርጎ የሰርግ ፎቶ አነሳለሁ የሚል ካለ የሚያገኘው ጉም ነው። ሁለተኛ፣ ብርሃን ይቀንሳል። በግማሽ መጠን ሲነሳ ከሁለት እጥፍ በላይ፣ በሙሉ መጠን ሲነሳ አራት እጥፍ ብርሃን ይፈልጋል። ስለዚህ በእጅ ይዞ ማንሳት አይሆንም፤ ማቆሚያ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት በጣም ይቀጥናል። በግማሽ መጠን፣ በቀዳዳ ቁጥር 8 ሲነሳ ጥርት የሚለው 2 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፎቶው አንዱ ጫፉ ትንሽ ቀና ካለ ያ ጫፍ ይደበዝዛል። ቀዳዳውን እስከ 22 ብናጠበውስ ብትሉ ብርሃኑ በጠባቡ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ምስሉ በሙሉ ይለሰልሳል። እኔ ለወረቀት ፎቶ ከ8 እስከ 11 ባለው እሠራለሁ።

እንግዲህ አሠራሩን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ጥቁር ጨርቅ አንጥፉ። ፎቶውን በንጹሕና በደረቅ እጅ፣ ጠርዙን ብቻ ይዛችሁ አስቀምጡት። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አንሱ እንጂ በእርጥብ ነገር አትጥረጉት።

ቀጥሎ ካሜራውን በማቆሚያው ላይ አድርጋችሁ ቁልቁል እንዲያይ አድርጉ። ካሜራውና ፎቶው ትይዩ መሆናቸውን በዓይን መገመት አያስተማምንም። ዘዴ አለ። ትንሽ ጠፍጣፋ መስተዋት በፎቶው ቦታ ላይ አስቀምጡ። በካሜራው ስታዩ የሌንሱ ምስል መስተዋቱ ውስጥ ልክ መካከሉ ላይ ከታየ ቀጥ ብሏል ማለት ነው፤ ወደ ጎን ከሸሸ ካሜራውን አስተካክሉ። ይህ ዘዴ ወጪ የለውም፣ የእጅ ቦርሳ መስተዋት ይበቃል።

ሦስተኛው ብርሃን ነው። ከሁለት ጎን፣ በ45 ዲግሪ ገደማ ዘንበል ብሎ የሚመጣ እኩል ብርሃን ያስፈልጋል። ሁለት አንድ ዓይነት አምፖሎች ይሆናሉ። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ በአንድ ወገን መስኮት፣ በሌላው ወገን ነጭ ወረቀት ማቆም ይበቃል። የካሜራውን ፍላሽ ዝጉት፤ የጣሪያውንም መብራት አጥፉት። ሌንሱ በ50 ሚሊሜትርና በግማሽ መጠን ሲሆን ከፎቶው ጋር የሚኖረው ርቀት ወደ 15 ሴንቲሜትር ነውና ጥላው ፎቶው ላይ እንዳያርፍ ተጠንቀቁ።

አራተኛ፣ ፎከሱን በእጅ አድርጋችሁ ካሜራውን በጥቂት በጥቂቱ ከፍና ዝቅ በማድረግ አጥሩት። በካሜራው ጀርባ ያለውን ማሳያ አጉልታችሁ ዓይኑን ወይም የኮቱን ጨርቅ ተመልከቱ። በመጨረሻም ካሜራውን አትንኩት፤ በ2 ሴኮንድ ቆጣሪው ራሱ ያንሳ። የጣት ንክኪ ብቻውን ምስሉን ያናውጠዋል።

«ስልኬ እያለ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን?» የሚል አለ። ስልክ መናቅ አይገባም፤ ለፖስትካርድ የሚያህል ፎቶ ደህና ነው። ለጥፍር የምታክለው ግን ስልኩ በጣም መጠጋት አለበት፤ ሲጠጋ ጥላው ያርፍባታል፣ ጠርዙም ይጎብጣል። «ስካነርስ?» ለሚለው ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ ተነቅሎ የሚወጣ ጠፍጣፋ ፎቶ ከሆነ ጥሩ ስካነር ቀላልና ፈጣን ነው። ቀለበቱ የሚያስፈልገው ስካነሩ በማይችለው ላይ ነው። አልበም ላይ ተጣብቆ ቢነቀል የሚቀደድ፣ በፕላስቲክ የታሸገ፣ በፍሬም መስታወት ላይ የተጣበቀ፣ በማኅተም የተጠረዘ ሁሉ በቀለበቱ ይሠራል።

አንዲት እናታችን የሟች ባለቤታቸውን አሮጌ መታወቂያ ይዘው ወደ ሱቄ መጥተው ነበር። የቀራቸው ፎቶ መታወቂያው ላይ ያለው ብቻ ነው፤ ፕላስቲኩ ደግሞ ከወረቀቱ ጋር ተጣብቋል። ልጃቸው በስልክ ሲያነሳው የመብራቱ ነጸብራቅ ፊቱን ነጭ አድርጎታል። በ25 ሚሊሜትሩ ቀለበት፣ መብራቱን ከጎን አድርገን፣ ከካሜራው በላይ ጥቁር ጨርቅ ጋርደን አነሳነው። 3 በ4 የነበረው 7 እጥፍ ጎልቶ ሙሉ የኤ4 ወረቀት ሆነ። ትከሻው ላይ ያረፈው ማኅተም «ድሬዳዋ» የሚለውና 1971 የሚለው ተነበበ። ልጆቹ አባታቸው ድሬዳዋ መኖሩን አያውቁም ነበር። እናታችን ግን ማኅተሙን አላዩም። ቅንድቡ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ በጣታቸው ነክተው «ይህቺን ረስቻት ነበር» አሉ። ሌላ አልተናገሩም። እኛም አልተናገርንም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዛሬ አሮጌ ፎቶ «አጠራለሁ» የሚሉ የስልክ ፕሮግራሞች ሞልተዋል። የደበዘዘ ፊት ስትሰጧቸው ጥርት ያለ ፊት ይመልሱላችኋል። ነገር ግን ዓይኑን፣ ጥርሱን፣ ቆዳውን ከሌላ ብዙ ሰው መልክ ገምተው ነው የሚሞሉት። ጠባሳዋን ቆሻሻ መስላቸው ሊያጠፏት ይችላሉ። ውጤቱ የሚያምር ሰው ነው፤ አባታችሁ ግን ላይሆን ይችላል። ቀለበቱ ፎቶው ላይ የሌለ ነገር አይፈጥርም፤ ያለውን ብቻ ያሳያል። ስለዚህ ፕሮግራሙን መጠቀም ብትፈልጉ እንኳ መጀመሪያ ትክክለኛውን ቅጂ አንሱና ለብቻው አስቀምጡ።

ቀለበቱ ለፎቶ ብቻ አይደለም። በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የእናት የአንገት መስቀል፣ የአያት ሜዳሊያ፣ የማሪያ ቴሬዛ ብር ይኖራል። ብሩ ዳር እስከ ዳር 40 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በ12 ሚሊሜትር ቀለበት በሙሉ ይገባል። ለብር ዕቃ መብራቱን ዝቅ አድርጋችሁ ከአንድ ጎን ብቻ ስጡት፤ ያን ጊዜ ቅርጹና ጽሑፉ ብቅ ይላል። የአሮጌ ፎቶንም ጀርባ እንዲሁ አንሱት። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ፎቶ ሲያነሱ የነበሩት አርመናውያን የቦያጂያን ቤተሰቦችም ሆኑ ሌሎች ፎቶ ቤቶች ስማቸውን ማኅተም ያደርጉ ነበር። የፎቶው ታሪክ ብዙ ጊዜ ያለው በጀርባው ነው።

ዓመተ ምሕረት ስታነቡ ደግሞ ተጠንቀቁ። የኛና የፈረንጁ አቆጣጠር በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያያል። ልጆቻችን 1971 የሚለውን ሲያዩ የፈረንጅ ይመስላቸዋል፤ የኛ ከሆነ ግን 1978 ወይም 1979 ማለት ነው። ስትመዘግቡ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ።

ለልጆቻችንም የሚሆን አለ። ሦስቱንም ቀለበቶች ደርድራችሁ የጤፍ ፍሬ አንሱ። ፍሬዋ 1 ሚሊሜትር ያህል ናት፤ በትልቅ ማሳያ ላይ ስትታይ የራሷ ቅርጽና ቀለም ያላት ዘር ናት። ጥቁር አዝሙድ፣ ኮረሪማ፣ የበርበሬ ፍሬ ሞክሩ። እንጀራ ከምን እንደሚመጣ ለልጅ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም። ውጭ ወጥታችሁ ነፍሳት የምታነሱ ከሆነ ማለዳ ነፋስ ሳይነሣ ይሻላል። ግን ሌንሱ ከ9 ሴንቲሜትር ባነሰ ርቀት ስለሚጠጋ በዝናብ ወራት የምትወጣውን፣ ቀይና ጥቁር ቀለም ያላትን «ናይሮቢ ፍላይ» የምትባለውን ተጠንቀቁ። አትናከስም፤ ነገር ግን ቆዳ ላይ ስትጨፈለቅ በውስጧ ያለው ፈሳሽ ያቃጥላል። እፍ ብላችሁ አባርሯት እንጂ በእጅ አትምቷት።

አሁን ወደ ዋናው ልመናዬ ልምጣ። ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ ግማሹ ሥራ ነው። ስም የሌለው ፎቶ ከ20 ዓመት በኋላ የማንም ሰው ፎቶ ነው። ከመሥራቾቻችን ብዙዎቹ ዛሬ በመካከላችን የሉም። ያሉትም ዕድሜያቸው ገፍቷል። «ይህ ማን ነው? ከማን ቀጥሎ የቆመው? የት ነው የተነሱት?» የሚለውን የሚመልሱ እነሱ ብቻ ናቸው። ካሜራና ቀለበት ነገም ከገበያ ይገዛል፤ የነገሩን የሚያውቅ ሽማግሌ ግን ከየትም አይገዛም። ስለዚህ ልጆች፣ ከአያቶቻችሁ ጎን ተቀምጣችሁ አንድ በአንድ ጠይቋቸው፣ ድምፃቸውንም ቅረጹ። ስሙን፣ ቦታውን፣ ዓመቱን፣ ፎቶው የማን ቤት እንደሆነ ጻፉ። ቅጂውን ቢያንስ በሦስት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን።

ከዚህ በኋላ በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማኅበራችን አዳራሽ አንድ ጠረጴዛ እንዲዘጋጅ ኮሚቴው ፈቅዷል። ካሜራውን፣ ቀለበቱንና መብራቱን እኔ አመጣለሁ። ክፍያ የለም። ዋናውን ፎቶ ለማንም ጥላችሁ አትሄዱም፤ ፊታችሁ ተነስቶ በእጃችሁ ይመለሳል። ከአልበም ለመንቀል፣ ፕላስቲክ ለመቅደድ አትሞክሩ፤ እንዳለ አምጡት። ሥራውን መማር የሚፈልጉ ሦስት አራት ወጣቶች ቢገኙም ደስ ይለኛል፤ ሂሳቡም አሠራሩም አሁን እንደሰማችሁት ነው፣ በአንድ ከሰዓት ይለመዳል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ አባቶቻችን። የአንድ ቤት ጉርድ ፎቶ ብቻዋን ትንሽ ናት፤ የሁላችንም ሲሰበሰብ ግን የማኅበራችን ታሪክ ነው። በእጃችሁ ያለውን ይዛችሁ ኑ።